የፈትያን ሱቅ በደቻቱ አሸዋ ላይ ስንጎትት

በድሬዳዋ ምድር እኔ በመኪና ያልጎተትኩት ነገር ቢኖር የደንገጎ ተራራ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ገመድ የማስርበት ጆሮ አጥቼለት እንጂ፣ ሐረርን ከነጅቦቿ ቁልቁል ስቤ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባቆምኳት ነበር። የወፍጮ ሞተር ጎትቻለሁ። በጎኑ የተኛ የጭነት መኪና ጎትቻለሁ። አንድ ጊዜማ ሠርገኛ የሞላበት አውቶብስ ከነሙሽራው፣ ከነከበሮው ጎትቼ፣ ሙሽራዋ ቤት ስንደርስ ዘመዶቿ ከሙሽራው በፊት እኔን አቅፈው ስመዋል። ይህን ሁሉ የሠራሁት ደግሞ በአንዲት አሮጌ ፔጆ ፒካፕ ነው። እንግዲህ ፎከርኩ፤ ድሬ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን አንብበው ሳይስቁብኝ በፊት አሁን ጥቂት ልቀንስ። ያቺ ፔጆ ሌላውን መጎተት ይቅርና ራሷን ችላ ከቤቴ እስከ ከዚራ ሰፈር የደረሰች ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ጧፍ እሳል ነበር። ከጎተተችው የተጎተተችው ይበልጣል። አውቶብሱንም ቢሆን ቁልቁለት ላይ ነው የጎተትኩት፤ እውነቱን ለመናገር አውቶብሱ ነው እኔን ሲገፋኝ የነበረው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ታይዋን ገበያ አፋፍ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንድ ፒካፕ ከኋላው የቤት ያህል ጄኔሬተር አስሮ ዳገቷን ለመውጣት ይታገላል። ሹፌሩ ነዳጁን ይረግጣል፣ መኪናው ያቃስታል፣ ወዲያው ያ ሽታ መጣ፤ የሚቃጠል ፍሪሲዮን ሽታ። ለማያውቀው፣ ፀጉርና ጎማ አንድ ላይ የተጠበሱ ይመስላል። ሰዉ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ እንደ ሽቶ ቆሜ ሳብኩት። ባጃጁ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል ለካ፤ «አቦ አባባ፣ ትሄዳለህ ወይስ ጭሱን ትበላለህ?» አለኝ። አባባ! ገና ሃምሳ አራቴን ሳልጨርስ! ሌላ ቀን ቢሆን መልሱን አላጣለትም ነበር፤ ያን ቀን ግን ልቤ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር።

ዘመኑ መቼ ነበር ብትሉኝ ዓመቱን አልነግራችሁም። መንግሥትስ ብትሉኝ፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ ተቀይሮ ይሁን ሊቀየር ሲል ነው እላችኋለሁ። ሳምቡሳ ስሙኒ የነበረበት ዘመን ነው፤ ለዚያውም ሥጋው ከጥፍር የሚበልጥ። ጂንስ ሱሪ ከጅቡቲ በባቡር መቀመጫ ሥር ተጣጥፎ የሚገባበት፣ ሴቶቹ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሳሳ ድሪያ ለብሰው በሙቀቱ መካከል የራሳቸውን ነፋስ ይዘው የሚሄዱበት ዘመን። ከዚራ ዛፎች ሥር የነበረችው ካሴት ቤት አንድ የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ትደጋግም ስለነበር፣ ሰፈሩ በሙሉ በማናውቃት አንዲት ሴት ፍቅር ተይዞ ከርሟል። ዛሬ በዚያች ካሴት ቤት ቦታ የስልክ ካርድና የስልክ ልባስ ይሸጣሉ፤ ዛፎቹ ግን አሉ፤ ጥላቸውም እንደ ዱሮው በነፃ ነው። ፔጆዋን እዚያ ጥላ ሥር አቆማት ነበር። ቀለሟ አንድ ጊዜ ነጭ እንደነበረ የሚያውቅ እኔና አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ብቻ ነን። የግራ በሯ በሲባጎ የታሰረ ነው፤ ባትሪዋ ሞቶ ስለቆየ የምትነሳው ተገፍታ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰው ብዛት ያለበት ቦታ መርጬ ነው የማቆማት። ሞተሯ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ ነበራት፤ ከጭንቅ ወጥታ ደልዳላ ቦታ ስትረግጥ፣ ልክ እንደ ደከመው ሰው፣ እፎይ ብላ ጥፍት ትላለች።

ፈትያ በቀፊራ ዳር፣ ደቻቱ ወንዝ ጠርዝ ላይ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ ሱቅ ነበራት። ሱቅ ልበላት እንጂ ጠዋት ሻይና ባጂያ፣ ከሰዓት ሳምቡሳ፣ መሃል ላይ ስኳርና ክብሪት የምትሸጥባት ባለ አንድ መስኮት ሳጥን ናት። ባሏ ጅቡቲ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከሄደ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች መስኮት በኩል ነው። አንድ ቀን ቦታው ለመንገድ ተፈለገና ከወንዙ ማዶ፣ በከዚራ በኩል፣ ምትክ ቦታ ተሰጣት። መከራው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ያኔ በእኛ ሰፈር አንድ ሕግ ነበር፤ የተጻፈ ይሁን የተወራ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሱቅህን አፍርሰህ ሌላ ቦታ ከተከልከው አዲስ ግንባታ ነው፤ አዲስ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዲስ ፈቃድ ደግሞ ወረፋው የልጅ ልጅህን ያስረጃል። ሳይፈርስ፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥር ሳይነካ፣ እንዳለ ተጎትቶ ከሄደ ግን ያው አሮጌው ሱቅ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ድሬ ውስጥ ሱቅ አይፈርስም፤ ሱቅ ይሄዳል። ቦታ ለኪው ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ማዶ መጥቶ ሱቋን ቆማ ካላገኛት ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተባለ። በድልድዩ እንዳናልፍ ሱቋ ሰፊ ናት። የቀረው በደረቁ ወንዝ፣ በአሸዋው ላይ ማለፍ ነው።

ፈትያ እኔን የጠራችኝ ከእኔ የተሻለ ስላልነበረ አይደለም፤ ከእኔ የተሻለ የሚያወራ ስላልነበረ ነው። «ኃይሉ፣ እውነት ትችላለህ?» አለችኝ፣ ባጂያውን ከዘይት እያወጣች። «ይቺ መኪና ሰፊ መንገድ ብታገኝ ባሕር ታሻግርሻለች» አልኳት። «ባሕሩን ተወው ወንድሜ፤ አሸዋውን ብቻ።» ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሥራውን የሚመራው ሙሴ ገብሬ ነበር። ሙሴ ስሙ አይደለም፤ ከፈረንሳዮቹ ጋር ባቡር ላይ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ ዕቃ ሲያነሳ ኖሮ ጡረታ የወጣ የመንዝ ሰው ነው፤ በፈረንሳይኛ ካልቆጠረ ዕቃ አይነሳለትም፤ ስለዚህ ከተማው እንደ ፈረንጆቹ «ሙሴ» አለው። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ እኔ ግን አንተ ነው የምለው። «እርስዎ» የሚባለው ቃል አንድ ጊዜ ባቡር ተሳፍሮ ድሬ ድረስ መጥቶ፣ ሙቀቱን ቢያይ ሳይወርድ ተመለሰ ይባላል። ሙሴ ገብሬ ሰው አያመሰግንም፤ ጥሩ ሥራ ሲያይ ዝም ይላል፤ መጥፎ ሲያይ ይሰድባል። እኔን ሲያየኝ ዝም ብሎ አያውቅም።

ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ሰባት ሰዓት ድሬ ውስጥ ሰው ጥላ ሥር ሽርጡን አገልድሞ ጫቱን የሚፈታበት ሰዓት ነው፤ ስምንት ተሸካሚዎችን ከፍራሻቸው ማንሳት ራሱን የቻለ ጉተታ ነበር። ሱቋን በሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አወጣናት፤ ከግንዶቹ ሥር የብረት ቱቦ እያንከባለልን እስከ ወንዙ የጋሪ መውረጃ ድረስ አደረስናት። ቆርቆሮዋ እንዳይበታተን ሙሴ ገብሬ ከባቡር ያመጣውን ካቦ፣ የብረት ገመዱን፣ ወገቧ ላይ አዙሮ አሰረ። ካቦው ረጅም ነው፤ የተረፈው ጥቅልል መንገድ እንዳይዘጋ ብሎ ፔጆዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ወረወረው። የምንጎትተው ግን በአጭር ወፍራም ገመድ ነው፤ አራት እርምጃ ብትሆን ነው፤ ከመኪናው ቂጥ እስከ ሱቋ አፍንጫ።

«ፈትያ ውጪ፣ ልንጀምር ነው» አለ ሙሴ ገብሬ።

«አልወጣም። ባለቤቱ የሌለበት ሱቅ የተጣለ ነው ቢሉኝስ?»

«ማነው የሚልሽ? ግመሉ?»

«ሰው አይጠፋም። ደግሞ ምድጃው አለ፣ ስኳሩ አለ፣ ብርጭቆው አለ። እኔ እይዘዋለሁ፤ እናንተ ጎትቱ።» መስኮቷን ከፍታ ክንዷን ደገፍ አደረገች፤ ልክ አውቶብስ እንደተሳፈረች ሴት።

ሙሴ ገብሬ ተፋና «አን! ዱ! ትሯ!» አለ። ወረድን።

የደቻቱን አሸዋ ለማያውቅ ሰው፣ ከላይ ሲያዩት የጠረጴዛ ያህል ጠንካራ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ ግመል ይሄድበታል፣ ሰኞ ዕለት ፍየል ይሸጥበታል። ከባድ ነገር ሲረግጠው ግን እንደ ዱቄት ነው። እስከ መሃል በሙሉ ኩራት ሄድን። ከዳርና ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ያጨበጭባል፤ እኔ በሲባጎ የታሰረው በር ላይ ክርኔን አውጥቼ እጄን አውለበልባለሁ። ለማዶው ዳርቻ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረን የኋላ ጎማዎቼ መስመጥ ጀመሩ። ነዳጅ ጨመርኩ፤ ይብስ ቆፈሩ። ያ ሽታ መጣ።

«አትርገጠው! አትርገጠው አንተ ከብት! ጉድጓድ አይደለም እንድትቆፍር የጠራንህ!» ሙሴ ገብሬ ነው። ከባቡር ሐዲድ ሥር የወጣ ወፍራም እንጨት ከጎማው ፊት አስገቡልኝ። አንድ ክንድ ሄድን። እንደገና ሰመጥን። እንጨቱን አውጥተው እንደገና አስገቡ። ሌላ ክንድ። እንዲህ እንዲህ እያልን ጥቂት እርምጃ ገፋን። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ መሪውን የማየው እንደ ጭጋግ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል።

በዚያን ጊዜ ነው ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ አብዲ የሚባል ቀጭን ረጅም ሰው፣ ወገቡን ለማቃናት ቀና ብሎ በዚያው የቀረው። «ወሪያ» ብሎ በሶማሊኛ ጠራን ቀስ ብሎ፤ «ደንገጎን እዩት።»

ሁላችንም አየን። በእኛ ላይ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። ደንገጎ ግን የለም። ተራራው የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ነገር ቆሟል። ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ እዚህ ውሃ የሚመጣው ከሰማይ አይደለም፤ ፀሐይ እየጠበሰህ፣ ከላይ የዘነበው ከእግርህ ሥር ይደርስብሃል። እናቶቻችን ገና ዳዴ ስንል ያስተማሩን ነገር ቢኖር ደንገጎ ሲጠቁር ከአሸዋው ውጡ የሚለው ነው።

«ጊዜ አለን» አለ ሙሴ ገብሬ። ድምፁ ግን ስድብ አልነበረበትም፤ እሱን ስሰማ ነው የፈራሁት። «እንጨት! ቶሎ!»

ሁለት ክንድ ሄድን። ሦስት። ሃያ እርምጃ ቀረን። ከዚያ ከወንዙ ላይኛው በኩል ጩኸቱ መጣ። መጀመሪያ ሩቅ ነው፤ የአንድ ሰው ድምፅ። ከዚያ ሌላው ይቀበለዋል፣ ከእሱ ሌላው፤ በዳርቻው ላይ ካንዱ ደጅ ወዳንዱ ደጅ እየተቀባበለ ይወርዳል፤ አንዱ በኦሮምኛ «ሎላ!» ይላል፣ አንዷ በሶማሊኛ «ዳድ!»፣ ሌላው «ጎርፍ! ጎርፍ!» ከጩኸቱ ኋላ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲንከባለል የሚሰማ፣ ከጆሮ ይልቅ በጉልበት የሚሰማ ጉርምርምታ።

ተሸካሚዎቹ እንጨቱን ጥለው ወደ ማዶው ዳርቻ ሮጡ። አልፈርድባቸውም። ሙሴ ገብሬ ብቻ ቀርቶ የሱቋን ቆርቆሮ በቡጢ ይደበድባል። «ፈትያ! ውጪ! ሱቅ ይተካል!»

«በምን?» አለች ከውስጥ። መስኮቷ ላይ ፊቷን አየሁት፤ ምድጃውን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። «በምን ይተካል ገብሬ? ንገረኝ፤ በምን?»

እኔ ከመኪናዬ ወረድኩ። ከኋላ ዞሬ ተንበረከክሁ። ያቺን አጭር ገመድ ፈታሁ። ቋጠሮው እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ተመልሼ ገባሁና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ሸክሟ የተነሳላት ፔጆ እንጨቱ ላይ ወጥታ፣ እየተንገዳገደች፣ አሸዋ እየረጨች፣ ሃያውን እርምጃ በረረችና የጋሪውን መውጫ በአንድ ትንፋሽ ወጣች። አፋፉ ላይ፣ ደልዳላውን ስትረግጥ፣ ጥፍት አለች።

ወዲያው ሙሴ ገብሬ ሲጮህ ሰማሁት። እንደዚያ ሲጮህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም። «እዚያው ቁም! ካቦውን! ካቦውን እሰሩት!»

ዞሬ አየሁ። ከመጫኛዬ ላይ ያ የብረት ካቦ ጥቅልል እየተፈታ፣ እየተፈታ፣ በአሸዋው ላይ ተዘርግቶ ከሱቋ ወገብ እስከ እኔ ድረስ ደርሷል። ጫፉ አፋፉ ላይ፣ ከመኪናዬ ኋላ፣ ወድቋል። መኪናዬ ደግሞ ቆማ ያለችው እንደ ሲሚንቶ በጠነከረ መሬት ላይ ነው። አብዲ ዘሎ ጫፉን ያዘና ከመኪናዬ ሥር ብረቱ ላይ ጠመጠመው። የቀሩት ከኋላ ገፉኝ። አንድ ጊዜ ገፉኝ፤ አልተነሳችም። የመጀመሪያው ውሃ ሲመጣ አየሁት፤ ወፍራም አይደለም፤ አረፋና የፍየል በጠጥ እየገፋ፣ እንደ ምላስ እየላሰ የሚመጣ ቡናማ ነገር ነው። ከእሱ ኋላ ያለው ነው የሚገድለው። «ግፉ!» ሁለተኛ ገፉኝ። ተነሳች።

አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ካቦው ከአሸዋው ተነስቶ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤ ድምፅ አወጣ። «ከካቦው ራቁ! ቢበጠስ ሁለት ያደርጋችኋል!» ሙሴ ገብሬ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደርሶ ከሱቋ ጎን እየሄደ ይጮሃል። አትሄድም። አትሄድም። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ። ከዚያ ሱቋ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለችና መጣች። እየተንሸራተተች፣ እየተወዛወዘች፣ ውስጧ ብርጭቆ እየተሰበረ መጣች። መውጫው ላይ ስትደርስ አንደኛው የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሯ አምልጦ ቀረ፤ ወዲያው ውሃው አነሳው፤ እንደ ክብሪት እንጨት አዙሮ ወሰደው። ሱቋ ጎኗን አዘንብላ አፋፉ ላይ ቆመች። ከኋላዋ፣ ቅድም የነበርንበት ቦታ፣ ወንዝ ሆኖ ነበር።

በሩ ተንቋቋ። ፈትያ ፀጉሯ ዱቄት ሆኖ፣ ምድጃውን እንዳቀፈች ወጣች። ዙሪያዋን አየች፤ ውሃውን አየች። «ስኳሩ ተደፋ» አለች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ለኪው አሥር ሰዓት ላይ ሜትሩን ይዞ መጣ። ሱቋ ከተሰጣት ቦታ አሥራ አንድ እርምጃ ርቃ፣ ወደ ቀኝ አዘንብላ፣ እስከ ወገቧ ጭቃ ተረጭታ ቆማለች። በሩ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ ጠረገና አነበበ። «ፈርሳለች?» አለ። ሙሴ ገብሬ «አልፈረሰችም» አለው። ለኪው ወንዙን አየ፤ እኛን አየ፤ «ቆማለች» ብሎ ጻፈ።

ሙሴ ገብሬ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ስድብ ጠበቅሁ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ጭንቅላት ያለው ሹፌር ማለት ይህ ነው» አለ። «እኛ አሸዋ ውስጥ ሆነን እንጎትታለን ስንል፣ ይሄ ካቦውን ዘርግቶ ጠንካራ መሬት ላይ ወጣ። አርባ ዓመት ባቡር ላይ ስሠራ እንዲህ በቶሎ ያሰበ ሰው አላየሁም።» ሰዉ ተሸከመኝ። በማግስቱ ወፍጮው የተሰበረበት ሰው ፈለገኝ፤ በሳምንቱ መኪናው የተገለበጠበት። ሃያ ዓመት በዚህ ስም እንጀራ በላሁ። ሙሴ ገብሬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ ወሬውን ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር። ፈትያ ዛሬም አለች፤ ሱቋ በብሎኬት ተሠርታለች፤ ልጇ ናት የምትጠብሰው። ባለፈው ሳምንት ከታይዋን ስመለስ በዚያ በኩል አለፍኩ፤ እንደ ሁልጊዜው አንድ ከረጢት ባጂያ አስያዘችኝና አጠገቧ ለተቀመጠች ጎረቤቷ «ይህ ሰው ነው እኔን ጥሎ ያልሄደው» አለቻት። አመስግኜ ተቀበልኩ። እየበላሁ ቤቴ ሄድኩ።

እኔ ካቦ አልዘረጋሁም። ካቦው መጫኛዬ ላይ መኖሩንም ረስቼው ነበር፤ ከኋላዬ መዘርጋቱን ያወቅሁት ሙሴ ገብሬ ሲጮህ ነው። ጠንካራ መሬትም አልፈለግሁም። እየሸሸሁ ነበር። ፈትያ ውስጥ እንዳለች እያወቅሁ ነው ገመዱን የፈታሁት፤ ሞተሩ አፋፉ ላይ ባይጠፋብኝ ኖሮ ዞሬ እንኳ ሳላይ ቤቴ እገባ ነበር።